ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ፦ ከስድስት ኪሎ ወንበር ጀርባ ያለው ታሪክ

ሰሞኑን ሲግናል ቡና ላይ ቁጭ ብለን "ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ" የሚለው ነገር አከራከረን። አንዱ "ክፍያ መጣ ማለት ነው" ይላል፤ ሌላው "መንግሥት እጁን አወጣ ማለት ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ሰባ ምናምን ዓመት ስታዩት፣ የተማሪው ቁጥር በየዘመኑ ሲያድግ የኖረ ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚቀመጥባት ወንበር ግን ከቤተ መንግሥት ርቃ አታውቅም።

መነሻው 1943 ዓ.ም. ነው፤ አራት ኪሎ፣ 33 ተማሪዎች። የመጀመሪያው መሪ ካናዳዊው ዶ/ር ሉሲየን ማት ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። እኚህ ሰው የጀስዊት ማኅበር አባል ናቸው። ዐፄ ፋሲል ከአገር ያባረሩት ማኅበር ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ የአገሪቱን ከፍተኛ ትምህርት ጀማሪ ሆነ! እርግጥ የቄስ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው ነው። ንጉሡ ለምን እነሱን መረጡ? የእኔ ግምት ቀላል ነው፤ የውጭ ሰው ከመሳፍንቱም ከቤተ ክህነቱም ጎራ የለውም፤ ተጠሪነቱ ለሾመው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዕድገት የደም ሽታ ያለበት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተረሸኑ። ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ንጉሡ ያንኑ ግቢ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡና "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ" ተመረቀ። ለትምህርት የነበራቸው ፍቅር ነው የሚል አለ፤ ደም የፈሰሰበት ቤት አልኖርበትም ብለው ነው የሚልም አለ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ቤቱ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ ሙዚየሙን ስትጎበኙ የንጉሡን መኝታ ቤትም ታያላችሁ።

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ተበታትነው የነበሩትን ሰበሰበ፤ የአራት ኪሎውን፣ የአምስት ኪሎውን ምህንድስና፣ የልደታውን የሕንፃ ኮሌጅ፣ የጎንደሩን ጤና፣ የዓለማያን እርሻ። ቻንስለሩ ራሳቸው ንጉሡ ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሳ ወልደማርያም ደግሞ የንጉሡን የልጅ ልጅ ያገቡ ናቸው። ሰውየው የተማሩና የሚከበሩ ነበሩ፤ ሆኖም የቤተሰብ ሹመት መሆኑን ማን ይክዳል? ደርግ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤተ መንግሥቱን የተረከቡት ተማሪዎች ለሰጪው አልተመቹም። በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብለው ወጡ። ዲግሪ ለማግኘት አንድ ዓመት ገጠር ማገልገል ግዴታ ሲሆን፣ ከየአውራጃው የገበሬውን ኑሮ አይተው ተመለሱ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ስድስት ኪሎ አካባቢ ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ክቡር ዘበኛ ተኮሰ። በዚያ ዘመን ፕሬዚዳንቱ ዶ/ር አክሊሉ ሀብቴ ነበሩ። በአንድ በኩል ተማሪ፣ በሌላ በኩል ጦር። ከዚያ ወዲህ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያቺን ቀን በተለያየ መልክ አይቷታል።

ደርግ ስሙን ቀየረ፣ ተማሪውን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ሰደደ። ቀይ ሽብር ግቢውን ምን እንዳደረገው የየቤታችን ታሪክ ነው፤ አልደግመውም። ግን ድኅረ ምረቃ ትምህርት በስፋት የተጀመረውም በዚያው ዘመን፣ በዶ/ር ዱሪ መሐመድ አመራር ነው።

ኢሕአዴግ ሲገባ ብዙዎች ነፃነት መጣ ብለው ነበር። ታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም ተቃውመው ሲወጡ ጥይት ጠበቃቸው። ከወራት በኋላ ከ40 በላይ መምህራን በደብዳቤ ተባረሩ፤ ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ አንዱ ናቸው። ለሕክምና ፋኩልቲው መሠረት የጣሉ ሰው በአንዲት ወረቀት! በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ "የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችን ይመለስ" የሚል ጥያቄ ከተማውን አናወጠ። በ1995 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ እሸቱ ወንጨቆ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመቃወም ወንበሩን ለቀቁ። ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሕንፃዎቹ ምረቃ ሁሉ የምትበልጠው ይህች መልቀቂያ ናት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፈላስፋው ፕሮፌሰር እንድርያስ እሸቴ የዶክትሬት ትምህርቱን አሰፉት። አገሪቱም ዩኒቨርሲቲዎቿን ከ40 በላይ አደረሰች። 33 ተማሪ የነበረው ቤትም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ያዘ።

እንግዲህ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝነት በአዋጅ መጣ። ቤተ መንግሥቱን የሰጠው መንግሥት ነበር፤ ነፃነቱንም የሰጠው መንግሥት ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ስለ ክፍያው ብቻ አይደለም። ነገ እንደ 1985ቱ ያለ ደብዳቤ "ፈርምበት" ተብሎ ቢመጣ፣ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ብሎ በማግስቱ ቢሮው ይገባል ወይ?

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ የጎረቤታችን ልጅ ያዳምጠናል። የሚማረው እዚሁ የካ፣ ኮተቤ ነው፤ የመምህራን ኮሌጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ሜትሮፖሊታን፣ አሁን ደግሞ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በተባለው ግቢ። "ጋሼ፣ የእኛስ መቼ ነው ራስ ገዝ የሚሆነው?" አለኝ። "መጀመሪያ ስሙ ይርጋ" አልኩትና የቡናውን ከፍዬ ተነሣሁ።