ምናባዊ እውነታ፦ ፍርሃትን በመነጽር ውስጥ መጋፈጥ

በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ሬክስዴል ሰፈር ውስጥ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖር ሊፍት የሚፈራ ሰው ኑሮው ከባድ ነው። አስቤዛውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፤ ሲብስበት ከቤት መውጣቱን ይተዋል። ሌላው መንጃ ፈቃዱን ይዞ፣ በሰፈሩ ደቡብ በኩል የሚያልፈውን የ401 አውራ ጎዳና ፈርቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲዞር ይውላል።

እንዲህ ላለው ጭንቀት የሚረዳ አንድ ሕክምና አለ፤ «ቨርቹዋል ሪያሊቲ ቴራፒ» ይሉታል። በአማርኛ «የምናባዊ እውነታ ሕክምና» ልንለው እንችላለን። ታካሚው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ያደርጋል፤ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ዙሪያውን ይከበዋል፣ አንገቱን ባዞረ ቁጥርም እይታው አብሮ ይዞራል።

የሚፈራውን የሚሸሽ ሰው ለጊዜው እፎይ ይላል፤ ፍርሃቱ ግን ይብስበታል፤ የፈራው ነገር እንደማይደርስበት የሚያይበት ዕድል አላገኘምና። ስለዚህ ባለሙያው ጥቂት በጥቂቱ ያለማምደዋል። ሊፍት የሚፈራውን መጀመሪያ በመነጽሩ ውስጥ በሩ የተከፈተ ባዶ ሊፍት ፊት ያቆመዋል። «ጭንቀትዎ ከ0 እስከ 100 ስንት ደረሰ?» ይለዋል። «80» ካለ እዚያው ይቆያሉ። ልቡ ይመታል፣ መዳፉን ያልበዋል፣ መነጽሩን ግን አያወልቅም። ቁጥሩ ወረድ ሲል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ አንድ ፎቅ ይወጣል። ሌላ ቀን ሊፍቱ በሰው ይሞላል፤ ከዚያም በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ይላል። የእውነቱን ሊፍት እንዲህ ማዘዝ አይቻልም፤ ለእኔ የዘዴው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ተመራማሪዎቹ ባርባራ ሮትባውምና ላሪ ሆጅስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ዘዴ ከፍታ በሚፈሩ ተማሪዎች ላይ ሞክረው ውጤቱን ያሳተሙት በ1995 እ.ኤ.አ. ነበር። እዚሁ ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ፣ ስቴፋን ቡሻርና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰው ፊት መቅረብ ለሚያስጨንቃቸው ሰዎች መጥቀሙን አሳይተዋል።

መነጽሩ አንዳንዱን ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ከጦርነት ወይም ከስደት መንገድ ስቃይ የተረፈ ሰው ደግሞ ያለ ባለሙያ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፈጽሞ አይሞክረው።

የእኛ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ደረቴን ያፍነኛል» ይላል እንጂ «ሊፍት እፈራለሁ» አይልም። ሁለቱንም ይንገር። ኦንታሪዮ ውስጥ ለጭንቀት በነጻ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና አለ፤ መነጽሩ በየቦታው ስለማይገኝ መኖሩን መጠየቅ ነው። አስተርጓሚም ይጠየቅ። ልጅን ለማስተርጎም ይዞ መሄድ አይበጅም፤ እናት በልጇ ፊት ፍርሃቷን አውጥታ አትናገርም።