የጉሮሮው ቱቦና የዴንተኑ ሐኪም

ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደሉበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ በዋሽንግተን እንግዳቸው የነበሩት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለቀብሩ ተመልሰው መምጣታቸውን በዕድሜ የገፉት ያስታውሱታል። ፕሬዚዳንቱ ፓርክላንድ ሆስፒታል ሲደርሱ በመጀመሪያ የተቀበሏቸው ሐኪም ግን እዚሁ ዴንተን የተማሩ ሰው መሆናቸውን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ዶክተር ቻርልስ ጄምስ ካሪኮ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዴንተን ነው። በኬሚስትሪ ዲግሪያቸውን ያገኙትም ያን ጊዜ ኖርዝ ቴክሳስ ስቴት ኮሌጅ ይባል ከነበረው፣ ከዛሬው የኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1963 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና ቀዶ ሕክምና በመማር ላይ ያሉ ወጣት ሐኪም ነበሩ።

ፕሬዚዳንቱ ሲደርሱ እየተቆራረጠም ቢሆን ይተነፍሱ ነበር። ዶክተር ካሪኮ ላሪንጎስኮፕ የሚባለውን፣ መብራት ያለበትን መሣሪያ በአፋቸው አስገብተው ምላሳቸውን ገለል በማድረግ ወደ ማንቁርታቸው ተመለከቱ። ከማንቁርቱ በስተቀኝ ደም የቋጠረ እብጠት፣ ከሥሩም የተቀዳደደ ሥጋ አዩ። ቱቦውን ከተጎዳው ቦታ አሳልፈው አስገቡና በጫፉ ዙሪያ ያለችውን ፊኛ ነፍተው ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር አገናኙት። አየሩ ግን አሁንም ያፈተልክ ነበር። ስለዚህ ዶክተር ማልኮልም ፔሪ የአንገታቸውን ፊት፣ ጥይቱ በበሳው ቀዳዳ ላይ ቀደው ሌላ ቱቦ አስገቡ። ሰባት ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቱ ማረፋቸው ተነገረ።

ያች ቅዳጅ ብዙ ጣጣ አመጣች። ቤቴስዳ ላይ አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች በአንገቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ እንደነበረ የተረዱት በማግስቱ ለዶክተር ፔሪ ስልክ ሲደውሉ ነው። ጥይቱ ከፊት ገባ ወይስ ከፊት ወጣ የሚለው ክርክር ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም። ዶክተር ካሪኮ ግን ሥራቸውን ቀጥለው በሲያትል፣ በኋላም በዳላስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነው ብዙ ሐኪሞችን አስተምረው በ2002 አረፉ።

ለመሆኑ ቱቦ ማስገባት ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ፊትና ኋላ ሆነው ስለሚገኙ ነው። ቱቦው ወደ ሆድ ከሄደና ቶሎ ካልታወቀ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ታሪክ በአመዛኙ የማየት ታሪክ ነው። በ1854 የራሱን የድምፅ አውታር በመስታወት ያየው ማኑኤል ጋርሲያ ሐኪም ሳይሆን የዘፈን መምህር ነበር! በ1878 የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ማክዌን ቱቦ ያስገቡት ሳያዩ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ነው። በ1943 ሮበርት ማኪንቶሽ ያወጡት ጠመም ያለ መሣሪያ እስካሁን ይሠራበታል።

አሁን ደግሞ በመሣሪያው ጫፍ ካሜራ ተተክሎ ሐኪሙ ጉሮሮውን በስክሪን ያያል። በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 1,417 በጠና የታመሙ አዋቂዎችን በሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። በካሜራ ሲሠራ ከመቶው 85፣ በዓይን ብቻ ሲሠራ ግን 71 ያህሉ በመጀመሪያው ሙከራ ቱቦው ገባላቸው። ከባድ ችግር የገጠማቸው ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ስለነበር ካሜራው ሁሉን ነገር ፈታ ማለት አይደለም፤ ቢሆንም በጭንቅ ሰዓት አንድ ሙከራ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ነገር እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ከቀዶ ሕክምና በፊት የማደንዘዣ ሐኪሙ «አፍዎን ይክፈቱ፣ ምላስዎን ያውጡ» ይልዎታል። የህንድ ተወላጁ ዶክተር ሰሻጊሪ ማላምፓቲ በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት፣ ሐኪሙ ቱቦው ያስቸግር እንደሆነ ለመገመት ከሚፈልጋቸው ምልክቶች አንዱ እንጥል ነው። እኛ አገር ደግሞ በሕፃንነቱ እንጥሉን ያልተቆረጠ ስንት ሰው አለ? እንጥሉ ያልታየው ምላስ ከልሎት ይሁን ተቆርጦ፣ አሜሪካዊው ሐኪም በምን ያውቃል? እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው ሲሄዱ፣ ወይም ራስዎ ሲተኙ፣ እንጥል መቆረጡን አስቀድመው ይንገሩት። ከዚህ በፊት ቱቦ ሲገባ ተቸግረው ከነበረም ያንኑ ይጨምሩለት፤ ካሜራውን ከወዲሁ አጠገቡ ያስቀምጣል።