ማረሻ ሠሪውና የቡዳ ስም

በምዕራብ ጎጃም ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን ይዞ በተዘረጋው የእርሻ አገር፣ ገበሬው ያለ ብረት አንዲት ትልም አያወጣም። ማረሻውን፣ ወገሉን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚሠራለት ቀጥቃጭ ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድና ውሃ የሚቀዳበትን እንስራ የምትሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀጥቃጩ ሚስት ወይም እኅት ናት። ይሁን እንጂ ያው ገበሬ መሣሪያውን ከተቀበለ በኋላ ልጁን በነጠላ ሸፍኖ፣ ምሳውን ከዓይን ሰውሮ፣ ባለሙያውን «ጠይብ» እያለ ሲፈራውና ሲንቀው ኖሯል።

በእምነቱ መሠረት ጠይብ ቡዳ ነው፤ ቡዳም በዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል። በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ የብረት ቀለበት ተገኘ የሚለው ወሬም ከዚሁ ጋር ይነገራል። ደም ግባት ያለው ሕፃን፣ አራስ ሴት፣ የሰባ በሬ፣ በሰው ፊት የተበላ ጥሬ ሥጋ ለዚህ ዓይን የተጋለጡ ናቸው። የታመመው ሰው መለፍለፍ ሲጀምር ዘመዶቹ ከብበው «ማን በላህ?» እያሉ ይጠይቁታል፤ ጤና አዳም ያሸቱታል፣ ያጥኑታል፤ ደብተራውም ክታብ ይጽፍለታል። በዚያች ሰዓት ከሕመምተኛው አፍ የሚወጣው ስም የአንድን ቤተሰብ ዕድል የሚወስን ነው።

የሰውን ዓይን መፍራት የጎጃም ብቻ አይደለም። በግሪክ ደሴቶችም እናቶች ለልጆቻቸው ሰማያዊ ዶቃ ያስራሉ፤ በዓይን ለተነካው ሰው ጸሎት ተደግሞለት ዘይት በውሃ ላይ ይንጠባጠብለታል። ሆኖም እዚያ ዓይኑ የማንኛውም ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ አድናቂ ወዳጅ እንኳ ሳያውቀው ሊጥል ይችላል። በእኛ አገር ግን ዓይኑ ከዘርና ከሙያ ጋር ተጣበቀ። በጎንደር ርስት ተነፍገው በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ ስም መከሰሳቸው፣ የነገሩ ሥር ከዓይን ይልቅ መሬት ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ያመለክታል።

የጎጃም ርስት በትውልድ የሚገኝ ነበር። አላን ሆበን በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ ዋናው አባት ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ከዚህ ቆጠራ ውጭ የቀረው ባለሙያ ከገበሬው አጠገብ ተቀመጠ እንጂ ከገበሬው ጋር መሬት አልተካፈለም። እንዲህ ያለውን ሰው ቡዳ ብሎ መጥራት ለባለ ርስቱ ምን ያህል እንደሚመች ለመረዳት ረጅም ምርምር አያሻም።

ሥነ ቃሉ ግን ከባለ ርስቱ ይልቅ እውነተኛ ሆኖ ይገኛል። ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ መንዝ እምነት ባወጣው ጽሑፍ የመዘገበው ተረት እንደሚለው፣ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ልጆቿን አሳዪኝ ቢላት ፈርታ አሥራ አምስቱን ደበቀች። የተደበቁትም ተረገሙ፤ ቡዳዎች ከእነርሱ ወረዱ። እንግዲህ በተረቱ ውስጥ ፈሪውም ተፈሪውም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ነገሥታቱም ነገሩን አልሳቱትም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ባለሙያ የሌለው መንግሥት ምን እንደሚጎድለው ያውቁ ነበር። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ከሁሉ የጠለቀው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነበር፤ ርስትን ሽሮ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት የማግኘት መብት እንዲኖረው ደነገገ። የዘር ቆጠራው በመሬት ላይ የነበረው ሥልጣን በዚህ ተነካ።

በጋብቻ ላይ የነበረው ግን በአዋጅ የሚነካ አልሆነም። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ዝምድናን ለመለየት የጀመሩትን ቆጠራ «አጥንቱ ምንድን ነው?» ወደሚል ጥያቄ ያሸጋግሩታል፤ ጥያቄውም በሹክሹክታ ስለሚቀርብ መልሱን በአደባባይ የሚሞግተው አይገኝም። ቀጥቃጩ ግን የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ሳይቀር በወናፉ እሳት አግሎ፣ በመስፉ ላይ ቀጥቅጦ ማረሻ ያደርገዋል። ገበሬውም የክረምቱ ዝናብ ሳይደርስ የደነዘ ማረሻውን ተሸክሞ ወደ እርሱ ደጅ ይሄዳል።