ዘመነ ኅድገት፦ «ሳባቲካል» ለሚባለው የሚስማማ ስም

በዋሽንግተን አቅራቢያ ካሉት የአማርኛ ተናጋሪዎች ጉባኤያት በአንደኛዋ፣ ለሦስት ወር ከአገልግሎት ተለይተው የቈዩ አንድ አረጋዊ መጋቢ በተመለሱበት እሑድ፣ ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ ምእመናኑ እየቀረቡ ሲጨብጧቸው ስመለከት፣ የሚጠይቋቸው ነገር ሁለት ዐይነት ብቻ መሆኑን አስተዋልሁ፤ ገሚሱ «ተዝናኑ? ፊትዎ እንዴት ጠርቷል!» ሲላቸው፣ ገሚሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጋቢ፣ ጌታ ምን አሳየዎት?» ይላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሦስቱን ወር ያሳለፉት የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት በማድረስና ከምሳ በኋላ ጋደም በማለት ስለ ነበር፣ ለሁለቱም ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም። ጥፋቱ የጠያቂዎቹ ሳይሆን የቃሉ መሰለኝ፤ «ዕረፍት» ተብሎ የተነገረው ሰው የሽርሽር ወሬ፣ «ሱባኤ» ተብሎ የተነገረው ደግሞ ራእይ ቢጠብቅ አይፈረድበትምና።

መጋቢው እንዳደረጉት ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ መለየትን እንግሊዞች «ሳባቲካል» ይሉታል። ይህን ቃል የአማርኛ ጆሮ ሲሰማው ወዲያው «ሰባት»ን ያስባል፤ ነገር ግን ተታሏል። የቃሉ ሥር በዕብራይስጥ «ሻባት» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ትርጓሜውም «አቆመ፣ ከሥራው ዐረፈ» ማለት ነው፤ እኛም «ሰንበት» ያልነው ከዚሁ ነው። «ሰባት» ግን የግዕዙ «ሰብዐቱ» ወገን ስለ ሆነ፣ ትውልዱ ሌላ ነው። ሁለቱን ያዛመዳቸው ሥርዐተ ኦሪት ነው፤ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምድር ስድስት ዓመት ተዘርታ በሰባተኛው እንድታርፍ፣ በዘዳግም ምዕራፍ 15 ደግሞ አበዳሪ ዕዳውን እንዲተው ታዟልና። እስራኤል ይህን ዓመት እስከ ዛሬ ትቈጥራለች፤ ከቅርቦቹ አንዱ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 የዋለው ነው። ቃሉን ወደ ትምህርት ቤት ካስገቡት የመጀመሪያዋ ሃርቫርድ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ለመምህራኗ እንዲህ ያለውን ፈቃድ ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ አብያተ ክርስቲያናትም ለአገልጋዮቻቸው ደነገጉት፤ የብሪታንያ ሜቶዲስቶች ለምሳሌ ከዐሥር ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ከዚያም በየሰባት ዓመቱ፣ ሦስት ወር ይሰጣሉ።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ሱባኤ መግባት» የሚለው ለጆሮ ቢጥምም፣ ሱባኤ ጾምና ስግደት ያለበት ተጋድሎ እንጂ ሥራን ማስቀመጥ አይደለም። «ዕረፍት» ደግሞ ከዓመት ፈቃድ አይለይም። እኔ የምመርጠው «ዘመነ ኅድገት» የሚለውን ነው። «ኀደገ» በግዕዝ «ተወ» ማለት ነው፤ «ኅድገተ ኃጢአት» ሲባል የሰማ ሰው ኅድገት የያዙትን መልቀቅ መሆኑን ያውቀዋል፤ «ዘመን»ም ዘመነ ጽጌን ያህል አጭር ሊሆን ስለሚችል፣ ለሦስት ወርም ለዓመትም ይበቃል። ገበሬያችን ያልታረሰውን ማሳ «ጦም አደረ» ይለዋል፤ መሬቱ ጦም ሲያድር ግን የሚተወው ገበሬው ነው፣ ሞፈሩን ሰቅሎ።

መተው የሌለበት ሳባቲካል ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ነገር አለ። በሚኒያፖሊስ የቤተልሔም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ጆን ፓይፐር እ.ኤ.አ. በ2010 ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ስምንት ወር ከሥራቸው ሲለዩ፣ ይህ ከአራት ዓመት በፊት ከወሰዱት ሳባቲካል የተለየ መሆኑን ለምእመናኑ አስረድተው ነበር፤ በዚያኛው መጽሐፍ ጽፈውበታል፣ በዚህኛው ግን መጽሐፍም ስብከትም ሊተዉ ወስነዋልና። ስሙን ተሸክሞ ግብሩን ያጣ ሳባቲካል ጠረጴዛን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ከማዛወር አያልፍም ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ፓይፐር በጥር 2011 ተመለሱ፤ መንበሩንም ለተተኪያቸው እስካስረከቡበት እስከ 2013 አገለገሉ።

ስሙ ከተስተካከለ ለሚመለሰው ሰው የሚቀርበው ጥያቄም ይስተካከላል፤ ኅድገት ላይ የቈየውን «ምን ይዘህ መጣህ?» ሳይሆን «ከተውኸው ውስጥ የትኛውን መልሰህ ታነሣለህ?» ማለት ይገባልና። ያን እሑድ ሕዝቡ ለቡና ሲወጣ፣ የጉባኤው ሽማግሌ ከኪሳቸው አራት ቍልፍ ያለበት ቀለበት አውጥተው ለመጋቢው ዘረጉላቸው። መጋቢው ተቀብለው የአዳራሹንና የቢሮውን በጣታቸው ለይተው አወጡና፣ የቀሩትን ሁለቱን፣ የካዝናውንና የዕቃ ቤቱን፣ አየት አድርገው፣

«እኔ ሳልኖር ካዝናውን ማን ይከፍት ነበር?» አሏቸው።

«እኔው ነኝ፣ መጋቢ።»

«እንግዲያው ከእርስዎ አይውጣ» ብለው ቀለበቱን መልሰው በእጃቸው አስያዟቸው።