ስንት ፐርሰንት ሰጡህ?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነፋስ ስልክ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ማሽን ጣት የበላበት ሰው ሆስፒታል ደርሶ ሲመለስ በር ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ፐርሰንት ሰጡህ?»

ሽማግሌዎቹ እንዲህ አይጠይቁም ነበር። በእነሱ ዘመን የተጎዳ ሰው ደጅ ይጠናል፤ ጌታው ደግ ከሆነ ዘበኛ አድርጎ ያኖረዋል፤ ካልሆነም እድርተኛው ያዋጣለታል። ማኅበር ባልተፈቀደበት ጊዜ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች የተሰባሰቡትም በእድር ስም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሥራ ላይ አደጋ አሠሪውን ኃላፊ አደረገ፤ በ1956 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 የማኅበራትን ሕጋዊነት አጸና። ደጅ መጥናቱ ግን ወዲያው አልቀረም።

እኔ የሠራሁበት አዋጅ ቁጥር 42/1985 ነው። ስሌቱ በኋላ በወጡት በ377/1996ም በ1156/2011ም ቀጥሏል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ ሠራተኛው ሰክሮ ካልገባ፣ ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ ወይም አውቆ ራሱን ካልጎዳ በቀር። ሙሉ በሙሉ ሥራ መሥራት የማይችል ሰው የአምስት ዓመት ደመወዝ ያገኛል፤ በከፊል የተጎዳ ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ በሚሰጠው ፐርሰንት ልክ።

አንድ የፕሬስ ኦፕሬተር የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች አጣ። ደመወዙ 500 ብር ስለነበር የአምስት ዓመቱ 30,000፣ አንዷ ፐርሰንት 300 ብር ማለት ናት። መጀመሪያ «የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ነው» ተባለ። የማሽኑ መከላከያ ምርት እንዲፈጥን ከወለቀ ወራት ማለፉን ፈረቃው በሙሉ ያውቅ ነበርና ይህ ብዙም አላስኬደም። ከዚያ ክርክሩ ወደ ቁጥሩ ዞረ፦ አንዱ ቦርድ 18፣ አሠሪው የጠየቀው ሁለተኛ ምርመራ 12። በ15 ተስማሙ፤ 4,500 ብር።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሰውየው ቤቱን ያቆመው በትርፍ ሰዓት ነበር፤ ሕጉ ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያን ደመወዝ አይለውም። ስለዚህ ያጣው አንድ፣ የተሰላለት ሌላ ሆነ። ወደ መጋዘን ሲዛወር ትርፍ ሰዓቱም ቀረ። ፐርሰንቱ በሚወሰንበት ሰንጠረዥ ላይ የፕሬስ ኦፕሬተርም የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ጣት እኩል ነው፤ እኔ ግን እኩል ነው ብዬ አላውቅም።

ዛሬ እዚያው አካባቢ ላፍቶና ለቡ ሕንፃ በሕንፃ ሆነዋል። ከባሕር ዛፍ እርብራብ ላይ ለወደቀ የቀን ሠራተኛ የሚቀርበው ጥያቄ ፐርሰንት አይደለም፤ «የማን ሠራተኛ ነህ?» ነው። ተቋራጩ ወደ ንዑስ ተቋራጩ ይጠቁማል፣ እሱም ወደ ካቦው። ሕጉ የቃል ውልንም ይቀበላል፤ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ምስክሮቹ ግን በማግስቱ ሌላ ሳይት ላይ ናቸው፣ የአንድ ዓመቱ ይርጋም ይቆጥራል።