ወደ ኋላ ማለት ሁልጊዜ ሽንፈት ነውን?

ብዙዎቻችን ማፈግፈግን እንደ ሽንፈት እንቆጥራለን። ታሪክ ግን ሌላም ያስተምረናል።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር አዛዥ ፋልከንሃይን አንድ ስንዝር መሬት እንዳይለቀቅ፣ የተለቀቀም ወዲያው እንዲመለስ አዘዘ። በ1916 እ.ኤ.አ. በሶም ውጊያ በፊተኛው ምሽግ የታጨቁት ወታደሮቹ በመድፍ ረገፉ።

በነሐሴ ሂንደንበርግና ሉደንዶርፍ ተተኩ። በዓመቱ መጨረሻ አዲስ መመሪያ ወጣ፦ ፊት ለፊት ጥቂት ሰው ይቁም፤ ምሽጉ ወደ ኋላ ይደራረብ፤ አጥቂው ዘልቆ ሲደክምና ከመድፉ ሲርቅ፣ ከኋላ የቆየው ኃይል ይምታው። ይህ ተለጣጭ መከላከል ነው።

በሚያዝያ 1917 የፈረንሳዩ ጄኔራል ኒቬል መስመሩን በ48 ሰዓት እሰብራለሁ ብሎ ዘመተ፤ አልቻለም። ብዙ ወታደሮቹ አመፁ፤ እርሱም ከሥልጣኑ ተነሣ።

ነገር ግን አንድ ነገር አንርሳ። ጀርመኖች በዚያው ዓመት በመጋቢት ወደ አዲሱ መስመር ሲያፈገፍጉ የፈረንሳይን መንደሮች አፈረሱ፣ ጉድጓድ ውኃ አበላሹ፣ የፍሬ ዛፎችን ቆረጡ። ስልቱ ሠራዊቱን አዳነ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ገበሬው ነው። ስለ ጦር ብልሃት ስናነብ ይህንንም እንጠይቅ።