ጊ ሞል፦ የአንድ የውድድር ዘመን ኮከብ

እ.ኤ.አ. በ1910 አልጄሪያ ውስጥ በሪቬ የተወለደውን ጊ ሞልን ወደ መኪና እሽቅድምድም የሳበው፣ እዚያው ይኖር የነበረው ተወዳዳሪ ማርሴል ለሁ ነው። በ1934 ኤንዞ ፌራሪ የሚመራውን ቡድን ተቀላቅሎ የአልፋ ሮሜዮ መኪና ያዘ። በኤፕሪል በሞናኮ ሲመራ የቆየው ሉዊ ሺሮን ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ከአሸዋ ከረጢቶች ጋር ተላተመ፤ የ23 ዓመቱ ሞልም አልፎት አሸነፈ። በሜይ ደግሞ በበርሊኑ አቩስ ድል ቀናው።

ኦገስት 15 ቀን ግን ጣሊያን ውስጥ በፔስካራ፣ አንድ መርሴዲስ ለመቅደም ሲሞክር ከመንገድ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ። የአደጋው ምክንያት ሲያከራክር ኖሯል።

ፌራሪ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከኑቮላሪና ከስተርሊንግ ሞስ ተርታ አሰልፎታል። የዋንጫ ብዛት ብቻ ሚዛን ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ወጣት ከነዚያ ስሞች ጎን ባልቆመ ነበር።